በባሕር የሚኬድበት መንገድ፦ ከኢትዮጵያ በየመን ወደ ሳውዲ

ከኢትዮጵያ ተነስቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን በኩል ሳውዲ ዓረቢያ የሚያደርሰው የስደት መንገድ በተቋማት ቋንቋ «ምሥራቃዊ መስመር» ይባላል። ሰዉ ግን ባጭሩ «በባሕር ሄደ» ይላል። ተጓዦቹ በብዛት የወሎ፣ የራያ፣ የትግራይ፣ የአርሲ፣ የጅማና የሐረርጌ ገጠር ወጣቶች ናቸው፤ 18 ዓመት ያልሞላቸውም አይጠፉም። የሚያስነሳቸው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ለልጅ የማይካፈል ጠባብ መሬት፣ በፈተና የተቋረጠ ትምህርት፣ ጎረቤት ሳውዲ ካለ ልጁ በተላከ ገንዘብ የሠራው ቆርቆሮ ቤት። እንደ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ቆጠራ በ2023 እ.ኤ.አ. በዚህ መስመር የመን የገቡት ከ95 ሺህ በላይ ነበሩ።

ሁለት ዋና መውጫ አለ። አንዱ በአፋር በኩል ሚሌን፣ ሎጊያንና ጋላፊን አልፎ በጅቡቲ ዲኪልና ታጁራ አድርጎ የባሕር ዳርቻዋ ከተማ ኦቦክ ይደርሳል። ሌላው በጅግጅጋና ቶጎጫሌ፣ በሐርጌሳ አድርጎ የሶማሊያ ወደብ ቦሳሶ ይወጣል። በጅቡቲው መንገድ ላይ የአሳል ሐይቅ አካባቢ አለ፤ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል የወረደ፣ ጥላ የሌለው የጨው ምድር ነው። ከፍተሻ ለመሸሽ አስፋልቱን ትተው በእግር ስለሚሄዱ፣ በእጅ የያዙት ሁለት ሊትር ውሃ በዚያ ሙቀት ግማሽ ቀን አያደርስም። የሐይቁ ውሃ ከባሕር ውሃ ብዙ እጥፍ ጨዋማ ነው፤ የጠጣው ሰው ጥማቱ ይብስበታል። መራመድ ያቃተው ወደኋላ ይቀራል፤ መንገድ መሪው አይጠብቅም።

ከኦቦክ ወዲያ የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «አጭር ናት፣ በአንድ ሌሊት ትሻገራለህ» የሚባለው ለዚህ ነው። አጭርነቷ ግን አላዳነችም። ጀልባዋ ከአቅሟ በላይ ትጫናለች፤ ሰው ጉልበቱን አቅፎ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ማዕበል ሲመታ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ትገለበጣለች። ከደጋ የመጣ ወጣት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዋና አይችልም። አሻጋሪዎቹ የጥበቃ ጀልባ ሲፈሩ ተሳፋሪውን ገና ጥልቅ ውሃ ላይ ሳሉ «ውረዱ!» ይላሉ። መስከረም 2017 ዓ.ም. ኦቦክ አጠገብ፣ ከየመን 310 ሰዎች ጭነው ይመለሱ ከነበሩ ሁለት ጀልባዎች ቢያንስ 45 ሰዎች ሞተዋል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በየመን አብያን ጠረፍ በሰጠመችው ጀልባም በአሥሮች የሚቆጠሩ አልቀዋል። የቦሳሶው ባሕር ከዚህም ይረዝማል፤ በክረምት ወራት ነፋሱ ይበረታበታል።

መንገዱን በደንብ ለመረዳት ግን ባሕሩን ሳይሆን ክፍያውን መከተል ይሻላል። የመንደሩ ደላላ ብዙውን ጊዜ የሚታወቅ ሰው ነው፤ የሚጠይቀውም ጥቂት ነው፣ ወይም «ደርሰህ ትከፍላለህ» ይላል። ይህ ቸርነት አይደለም። ሰው ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር አዲስ ዋጋ ይጨመርበታል፤ ትልቁ ሂሳብ የሚጠየቀው የመን ጠረፍ፣ በተለይ ራስ አል አራ አካባቢ ባሉ የአጋቾች ግቢዎች ነው። እዚያ ልጁን የቤቱን ስልክ ያስደውሉታል። እናት በአንድ ጫፍ «ሃሎ» ስትል በሌላው ጫፍ ይደበደባል። ገንዘቡ በሐዋላ እንዲገባ ቀን ይቆረጣል፤ አባት በሬ ይሸጣል፣ መሬት በወለድ አግድ ይሰጣል፣ ዘመድ ያዋጣል። ቤተሰቡን ሊረዳ የወጣ ልጅ ቤተሰቡ የሚዘረፍበት መያዣ ይሆናል። ከፍሎ የተለቀቀም ለሌላ አጋች የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ሴቶች ከዚህ ሁሉ በላይ መደፈር ይደርስባቸዋል።

ጉዞው በጦርነት በተከፋፈለችው የመን ውስጥ ወደ ሰሜን፣ በሳውዲ ድንበር ወዳለችው ሰዓዳ ይቀጥላል። የካቲት 2013 ዓ.ም. በዋና ከተማዋ ሰንዓ የስደተኞች ማቆያ ውስጥ በተነሳ ቃጠሎ በርካታ ስደተኞች ሞተዋል። የሳውዲ ድንበር ተራራማ ነው። የሰብአዊ መብት ድርጅቱ ሂውማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች በ15 ወራት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በጥይትና በከባድ መሣሪያ ገድለዋል ብሏል፤ ሳውዲ አስተባብላለች።

ድንበሩን ያለፈ ሰው የሳውዲ ደቡባዊ ግዛት ጂዛን ይገባል፤ ከብት ይጠብቃል ወይም የቀን ሥራ ይሠራል። ከተያዘ ታስሮ ወደ ቦሌ ይመለሳል። በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ተመልሰዋል። ተመላሹ ባዶ እጁን ሲመጣ በሬውም የለም፣ መሬቱም በሰው እጅ ነው፣ ዕዳው ግን አለ። ብዙዎች ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ የሚሄዱት ለዚህ ነው፤ «ምከሯቸው» የሚለው መፍትሔ ዕዳውን ካልነካ የትም አይደርስም። መንገድ ላይ ሐሳቡን የለወጠ ሰው ኦቦክ ወይም ኤደን ደርሶ የስደተኞች ድርጅቱን ቢያገኝ በፈቃዱ ለመመለስ መመዝገብ ይችላል፤ ተራው ግን ይረዝማል።

ብዙዎቹ መታወቂያ አይዙም። ስለዚህ ማዕበል የተፋው አስከሬን ስሙ ሳይታወቅ አሸዋ ላይ ይቀበራል። ቤት ያሉት ግን መርዶ ስላልደረሳቸው ለቅሶ አይቀመጡም፤ ስልኩ ባትሪ እንዳይጨርስ እየጠበቁ ዓመት ያልፋል።