ስለ ጥንቱ ኦሎምፒክ በስህተት የምናወራቸው ነገሮች

ኦሎምፒክ በደረሰ ቁጥር ስለ ጥንት ግሪኮች ብዙ ይወራል። ከሚወራው ብዙው የዛሬውን ስፖርት ወስዶ እነሱን የሚያለብስ ነው። ያሳዝነኛል፤ ዋናው ነገር ይቀራላ። ያ ዝግጅት በየአራት ዓመቱ የሚከበር የአምላክ በዓል ነበር። ሩጫውም ትግሉም የበዓሉ አካል ነበሩ።

«ስፖርት ነበር፤ ሃይማኖቱ ለወግ ያህል ነው» ይባላል። አይደለም። ኦሎምፒያ የግሪኮች ዋና አምላክ የዜውስ ቅዱስ ስፍራ ነበረች። ዜውስ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ድያ» የተባለው ነው፤ የልስጥራ ሰዎች በርናባስን የጠሩበት ስም። በበዓሉ መካከል 100 በሬ ይታረድለት ነበር። ጭኑ ይቃጠላል፣ ሥጋውን ሕዝቡ ይበላዋል። መሠዊያው ደግሞ ከአመድ የተሠራ ነበር። ከመሥዋዕቱ የተረፈው አመድ በአልፌዮስ ወንዝ ውሃ እየተቦካ ይለሰንበታል። የሌላ ወንዝ ውሃ አይሆንም። እንዲህ እየተደራረበ ቁመቱ 7 ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር። የሁለት ፎቅ ቤት ያህል አመድ አስቡት። የስንት ትውልድ ስለት ነው!

በነገራችን ላይ ኦሎምፒያና የኦሊምፐስ ተራራ አንድ አይደሉም። ተራራው በሰሜን ግሪክ ነው፤ ኦሎምፒያ ያለችው በደቡብ፣ ፔሎፖኔዝ ውስጥ ነው። በመካከላቸው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ አለ።

«ማራቶን ከጥንት የመጣ ውድድር ነው» የሚለው እኛን በቀጥታ ይነካናል። በጥንቱ ኦሎምፒክ ማራቶን አልነበረም። በትውፊት የመጀመሪያው ኦሎምፒክ የሚባለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ776 የተደረገው ነው። በመጀመሪያዎቹ 13 በዓላት የነበረው ውድድር አንድ ብቻ ነው፤ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ 192 ሜትር ገደማ። በኋላ የተጨመረው ረጅሙ ሩጫ እንኳ 5 ኪሎ ሜትር አይሞላም ነበር። አቴናውያን ፋርሶችን ማራቶን በተባለው ስፍራ ድል ሲያደርጉ፣ ወሬውን ሊያደርስ አቴንስ ድረስ ሮጦ «አሸነፍን!» ብሎ ወድቆ ሞተ የሚባለው መልእክተኛስ? ለዘመኑ ቅርብ የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ይህን አይነግረንም። የሚነግረን ፊዲፒደስ ከአቴንስ ወደ ስፓርታ እርዳታ ሊጠይቅ መሮጡን ነው፤ ያውም ከማራቶን ጦርነት በፊት። ውድድሩን ያመነጨው ሚሼል ብሬያል የተባለ ፈረንሳዊ የቋንቋ ሊቅ ሲሆን፣ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1896 አቴንስ ላይ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ማራቶን ገና የ64 ዓመት ዕድሜ ነበረው።

የችቦ ቅብብሉም እንዲሁ ነው። ችቦን ከኦሎምፒያ አዘጋጅ ከተማ ድረስ ማድረስ የተጀመረው በ1936 ለበርሊን ኦሎምፒክ ነው። አቴናውያን በበዓላቸው የችቦ ሩጫ ነበራቸው፤ ግን እሳቱን ወደ አምላክ መሠዊያ የሚያደርሱበት የአምልኮ ሥርዓት ነበር። አምስቱ ቀለበቶች ደግሞ የዘመናዊው ኦሎምፒክ መሥራች የኩበርታን ሥራ ናቸው፣ የ1913።

«የሚወዳደሩት ለክብር ብቻ ነበር» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ኦሎምፒያ ላይ አሸናፊው የሚቀበለው የወይራ አክሊል ነበር። ሁለተኛና ሦስተኛ ለወጣ ምንም የለም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ሁሉም ይሮጣሉ፣ ዋጋውን የሚቀበለው ግን አንዱ ነው ያለው ይህንኑ ነው። የባሕር አምላክ የሚባለው የፖሲዶን በዓል ውድድር የሚደረገው እዚያው ቆሮንቶስ አጠገብ ስለነበር ነገሩን ያውቁታል። «የሚጠፋ አክሊል» ማለቱም በቀናት የሚጠወልግ የቅጠል ጉንጉን ስለነበር ነው።

አሸናፊው አገሩ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አቴንስ ለኦሎምፒክ አሸናፊ 500 ድራክማ (የግሪኮች የብር ገንዘብ) እንዲሰጥ የሶሎን ሕግ ነበራት። ዕድሜ ልኩንም በመንግሥት ማዕድ በነፃ ይመገባል። ከተማዋ ለጠባቂ አምላኳ ለአቴና በምታከብረው በዓል ደግሞ የአጭር ሩጫ አሸናፊ 100 እንስራ የወይራ ዘይት ይሸለም ነበር፤ ወደ 4 ሺህ ሊትር የሚጠጋ። እንስራው ራሱ ያምራል። በአንዱ ጎን ጋሻና ጦር የያዘች አቴና፣ በሌላው ጎን ውድድሩ ተስሎበታል። ዘይቱ ለእሷ ከተቀደሱ የወይራ ዛፎች የተጨመቀ ነው። ያን ሁሉ ዘይት ማን ይጨርሰዋል? ይሸጣል።

«በበዓሉ ሰሞን ጦርነት ሁሉ ይቆም ነበር» ይባላል። የታወጀው ሰላም ተጓዦችንና ቅዱሱን ስፍራ ለመጠበቅ ነበር እንጂ ጦርነቱ ሌላ ቦታ ይቀጥላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ364 ደግሞ በበዓሉ መሀል፣ እዚያው ኦሎምፒያ ውስጥ ውጊያ ተደርጓል።

«ሴት ድርሻ አልነበራትም» የሚለውም ሙሉ አይደለም። ያገቡ ሴቶች ኦሎምፒክን ማየት ተከልክለው ነበር። ልጃገረዶች ግን እዚያው ሜዳ ላይ የራሳቸው በዓል ነበራቸው፣ ለዜውስ ሚስት ለሄራ ክብር። ፀጉራቸውን ለቀው፣ ቀኝ ትከሻቸውን ገልጠው፣ ከሜዳው ርዝመት አንድ ስድስተኛ ተቀንሶላቸው ይሮጣሉ። ያሸነፈችው የወይራ አክሊልና ለሄራ ከታረደችው ላም ድርሻ ታገኛለች።

በሠረገላ ውድድር ደግሞ አክሊሉ የሚሰጠው ለነጂው ሳይሆን ለፈረሶቹ ባለቤት ነው። የስፓርታ ንጉሥ ልጅ ኪኒስካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ396 እና በ392 ያሸነፈችው በዚህ ነው። ኦሎምፒያ ላይ ባቆመችው ሐውልት መሠረት ላይ ቃሏን አስቀርጻለች፦ አባቷም ወንድሞቿም የስፓርታ ነገሥታት መሆናቸውን፣ ከመላው ግሪክ ሴቶች ይህን አክሊል የወሰደች እሷ ብቻ መሆኗን።