የጎርፍ ቦይ ሲበከል አቤት ማለት የሚችለው ማን ነው?

በፒያሳና በአራት ኪሎ የምንኖር ሰዎች ክረምት በገባ ቁጥር ደጋግመን የምንጠያየቀው አንድ ነገር ነው፤ ጎረቤት ፍሳሹን ወደ መንገድ ዳር ዲች (የጎርፍ ቦይ) ቢለቅ፣ እኔን በቀጥታ ባይጎዳኝም መክሰስ እችላለሁ ወይ?

አስቀድሞ ሁለቱን መስመሮች መለየት ያስፈልጋል። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ መስመር ቃሊቲ እንዳለው ዓይነት ማጣሪያ ጣቢያ የሚሄድ ሲሆን፣ የዲቹ ውሃ ግን ሳይጣራ ወንዝ ይገባል። ስለዚህ አንድ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በዲቹ ፍርግርግ ክዳን ቢደፋ፣ ያ ጥቁር ዘይት ዝናብ ሲጥል ቀበና ወንዝ ላይ ተንሳፍፎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11፣ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም ጊዜው ካለፈበት ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ክስ መመሥረት ይችላል፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን ሁለተኛውን የጊዜ ገደብ ነው፣ በእኔ እምነት ደግሞ የአንቀጹ ጥርስ ያለው እዚሁ ላይ ነው። አዋጁ በካዩ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍልም ያስገድዳል።

የቅጣቱ መጠን ግን ከተማው በየጊዜው በሚያወጣው ደንብ ስለሚለያይ፣ የብር መጠን የሚጠቅስ ሰው የደንቡን ቁጥር አብሮ ይጥቀስ።