የፋርማሲ ቴክኒሻን ሥልጠናና የምስክር ወረቀት በአሜሪካ

የፋርማሲ ቴክኒሻን በፋርማሲስት ኃላፊነት ሥር ሆኖ የሐኪም ማዘዣ ይቀበላል፣ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባል፣ መድኃኒት ቆጥሮ ያሽጋል፣ ከኢንሹራንስ ጋር ይነጋገራል። መድኃኒቱ ከሌላ መድኃኒት ጋር ይስማማ እንደሆነ ለሚጠይቅ ታካሚ ግን መልስ መስጠት አይፈቀድለትም፤ ምክር የፋርማሲስቱ ሥራ ነው። ሙያው ዲግሪ ስለማይጠይቅ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ኢትዮጵያውያን ከሚገቡባቸው የጤና ሥራዎች አንዱ ሆኗል።

ብዙ ሰው የሚደናገረው የምስክር ወረቀትና የሥራ ፈቃድ አንድ ሲመስሉት ነው። የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው አገር አቀፍ ድርጅት ሲሆን፣ የመሥራት መብት የሚሰጠው ግን የየስቴቱ የፋርማሲ ቦርድ ነው። ሕጉም ከስቴት ስቴት ይለያያል። በቨርጂኒያ ለምሳሌ ሠልጣኙ መጀመሪያ በሠልጣኝነት ይመዘገባል፤ ሥልጠናውን ጨርሶ አገር አቀፉን ፈተና ሲያልፍ በቴክኒሻንነት ይመዘገባል። ስለዚህ ለትምህርት ቤት ገንዘብ ከመክፈል በፊት የስቴቱን ቦርድ ድረ ገጽ ማየት ይበጃል።

ሕጉ በየቦታው እንዲጠብቅ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ በኦሃዮ የደረሰ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤሚሊ ጄሪ የተባለች የ2 ዓመት ሕፃን በክሊቭላንድ የካንሰር ሕክምናዋን ወደ ማጠናቀቁ ተቃርባ ነበር። ኬሞቴራፒውን የቀመመችው ቴክኒሻን 0.9 በመቶ ጨው ያለው ፈሳሽ መጠቀም ሲገባት 23.4 በመቶውን ተጠቀመች፤ 26 እጥፍ ማለት ነው። ያረጋገጠው ፋርማሲስትም ስህተቱን አላየውም፤ ሕፃኗ ሞተች። በወቅቱ ኦሃዮ ከቴክኒሻኖች ሥልጠናም ፈተናም አትጠይቅም ነበር። በ2009 በስሟ የተጠራው ሕግ ሁለቱንም ግዴታ አደረገ።

በስፋት የሚታወቀው ፈተና እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የፋርማሲ ቴክኒሻኖች ሰርተፊኬሽን ቦርድ፣ በምህጻረ ቃል ፒቲሲቢ፣ የሚያዘጋጀው ነው። 90 የምርጫ ጥያቄዎች በ1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይሠራሉ። ከነዚህ 10ሩ ለሙከራ የገቡ ስለሆኑ ነጥብ የላቸውም፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ለተፈታኙ አይነገርም። ውጤቱ ከ1000 እስከ 1600 ባለው መለኪያ ይሰጣል፤ ማለፊያው 1400 ነው። ኤንኤችኤ የተባለው ሌላ ድርጅት የሚሰጠው ኤክስሲፒቲ የተሰኘ ፈተናም በበርካታ ስቴቶች ተቀባይነት አለው።

ለፒቲሲቢ ፈተና ለመቀመጥ ቦርዱ የሚያውቀውን ሥልጠና መጨረስ ወይም ቢያንስ 500 ሰዓት ሠርቶ ተመጣጣኝ ልምድ ማሳየት ያስፈልጋል። ሥልጠናው በኮሚዩኒቲ ኮሌጅም በግል ትምህርት ቤትም ይገኛል። ሲቪኤስና ዋልግሪንስን የመሳሰሉ ትልልቅ የፋርማሲ ድርጅቶች ደግሞ የቀጠሩትን ሰው ደመወዝ እየከፈሉ ያሠለጥናሉ፤ ለቤተሰብ አስተዳዳሪ የሚያዋጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። የምስክር ወረቀቱ በየ2 ዓመቱ ይታደሳል፤ ለእድሳቱም የ20 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ይጠየቃል።

በፈተናው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የመድኃኒት እውቀት ነው፤ የንግድ ስምና መሠረታዊ ስም፣ መመሳሰል፣ መጠን። ለማሳከክ የሚታዘዘው ሃይድሮክሲዚንና ለደም ግፊት የሚታዘዘው ሃይድራላዚን በስም ይቀራረባሉ፤ መደርደሪያ ላይም ጎረቤት ናቸው። ከሕጉ ክፍል ደግሞ፣ ሱስ ሊያስይዙ ስለሚችሉ በሕግ በመደብ ተከፍለው ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች ውስጥ፣ እንደ ኦክሲኮዶን ያሉ የሁለተኛ መደብ መድኃኒቶች በአንድ ማዘዣ ተደጋግመው እንደማይሰጡ፣ የሦስተኛና የአራተኛ መደቦቹ ግን በ6 ወር ውስጥ እስከ 5 ጊዜ ሊደገሙ እንደሚችሉ ማወቅ ግድ ነው።

ስሌቱ ተራ ቢመስልም ያስታል። አንድ ታካሚ በቀን 20 ዩኒት ኢንሱሊን ታዘዘለት እንበል። ጠርሙሱ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት አለው፤ በድምሩ 1000 ዩኒት። ለ20 ሲካፈል 50 ቀን ይመጣል። ነገር ግን ብዙው የኢንሱሊን ጠርሙስ ከተከፈተ ከ28 ቀን በኋላ መጣል አለበት። ቴክኒሻኑ ይህን ሳያስብ 50 ብሎ ካስገባ፣ ታካሚው ከወር በኋላ ሲመለስ ኢንሹራንሱ «ጊዜው ገና ነው» ብሎ ይከለክለዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ በፋርማሲ ተመርቀው የመጡ ሰዎችም በዚህ በር ይገባሉ። የውጭ ምሩቅ በአሜሪካ ፋርማሲስት ለመሆን ዲግሪውን ማስገምገም፣ የአቻነት ፈተናውንና የእንግሊዝኛ ፈተናውን ማለፍ፣ በተለማማጅነት መሥራት፣ ከዚያም የፈቃድ ፈተናዎቹን መውሰድ ይጠበቅበታል። እ.ኤ.አ. ከ2003 መጀመሪያ ወዲህ ለተመረቀ ሰው ደግሞ ቢያንስ የ5 ዓመት ትምህርት ይጠየቃል። የኢትዮጵያው የፋርማሲ ዲግሪ ለረጅም ጊዜ 4 ዓመት ስለነበር አንዳንዶች ገና መግቢያው ላይ ይሰናከላሉ። ቴክኒሻን ሆነው ሲጀምሩ የመድኃኒቱ ነገር ብዙም አያስቸግራቸውም። የሚያስቸግራቸው ትምህርት ቤት ያላዩት የኢንሹራንስ ሥርዓት ነው፦ ከኢንሹራንሱ የቅድሚያ ፈቃድ የሚጠይቀው መድኃኒት፣ ውድቅ ሆኖ የሚመለሰው ክፍያ፣ ባንኮኒው ማዶ ቆሞ የሚጠብቀው ታካሚ።