የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበር፦ ለጎልም ለአካፋም ነጥብ የሚሰጥ ሊግ

የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበር፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ማይሳ (MYSA)፣ በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ በ1987 የተመሠረተ የወጣቶች ድርጅት ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሰፈር ልጆችን በሊግ አደራጅቶ እግር ኳስ ያጫውታል፤ ተጫዋቾቹም በበኩላቸው ሰፈራቸውን ያጸዳሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያሠለጥናሉ፣ እኩዮቻቸውን ስለ ኤች አይ ቪ ያስተምራሉ። ወጣቶችን በስፖርት ሰብስቦ የከተማን ማኅበረሰብ ማጠናከር ዛሬ በብዙ አገር የመንግሥትም የእርዳታ ድርጅቶችም ሥራ ሆኗል። ማይሳ ይህን የጀመረው አሠራሩ ገና ስም ሳይወጣለት ነው። ሌላው ዓለም ከአፍሪካ ከቀዳቸው የማኅበረሰብ ሥራ ስልቶች አንዱ ስለሆነም በዝርዝር መታወቅ ይገባዋል።

ማታሬ ከናይሮቢ መሀል ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በቲካ መንገድና በጁጃ መንገድ መካከል፣ ቀድሞ የግንባታ ድንጋይ ይፈለጥበት በነበረ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። የማታሬና የጊታቱሩ ወንዞች ያቋርጡታል። ከቲካ መንገድ ማዶ የባለጸጎቹ ሙታይጋ አለ። ከጁጃ መንገድ ማዶ ደግሞ ናይሮቢን የረገጠ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያውቀው ኢስሊ ነው፤ የሶማሌና የሐበሻ ሱቆች፣ ምግብ ቤቶችና ማደሪያዎች የሞሉበት የንግድ ሰፈር። የማታሬ ታሪክ ከባድ ነው። እንግሊዞች የቅኝ አገዛዛቸውን የሚወጉት የማው ማው ታጋዮች መሸሸጊያ ነው ብለው በ1954 ሰፈሩን አፈረሱት። ከነጻነት በኋላ ከገጠር የፈለሰ ሕዝብ እንደገና ሞላው፤ ኪኩዩ፣ ሉኦ፣ ሉሂያና ካምባ የተባሉት ብሔሮች ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተው በአንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤቶች ይኖራሉ። መጸዳጃው የጋራ ነው፣ ውኃ በጀሪካን ይገዛል፣ የማዘጋጃ ቤት የቆሻሻ መኪና ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ዝናብ ሲመጣ ቆሻሻ የደፈነው ቦይ ይሞላና ፍሳሹ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ሕመሙ ቀድሞ የሚያጠቃው ሕፃናትን ነው።

የማኅበሩ መነሻ አንድ የውጭ አገር ሰው ነው። ካናዳዊው ቦብ ሙንሮ በናይሮቢ የአካባቢና የልማት ፖሊሲ አማካሪ ሆኖ ይሠራ ነበር። በማታሬ ልጆች በፌስታልና በሲባጎ የተጠቀለለ ኳስ ሲጫወቱ አየ፤ ሊግ እንዲያደራጅላቸውም ሐሳብ ገባው። ነገር ግን ኳስና ማሊያ አድሎ መሄድን አልፈለገም። ከልጆቹ ጋር የተስማማበት መርሕ እስከ ዛሬ የማኅበሩ መፈክር ነው፦ አንድ ነገር ከሠራችሁ ማይሳ ይሠራላችኋል፤ ምንም ካልሠራችሁ ማይሳም ምንም አይሠራም። ልጆቹ ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ደግሞ ዓይናቸው ፊት ነበር፦ ቆሻሻው።

ማይሳን ከሌሎች የሚለየው ጽዳቱ የተጨመረበት መንገድ ነው። ብዙ ድርጅት ወጣቶችን ለኳስ ይሰበስብና ከጨዋታው በፊት ወይም በኋላ ስብከት ይጨምርበታል፤ ልጁም ስብከቱን ለኳሱ ሲል ይታገሠዋል። ማይሳ ጽዳቱን የሊጉ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገባው። ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን 3 ነጥብ ያገኛል፤ የተመደበለትን የጽዳት ሥራ የጨረሰ ደግሞ 6 ነጥብ። ስለዚህ አንድ የጽዳት ተራ ያመለጠው ቡድን ሁለት ጨዋታ ያሸነፈ ያህል ነጥብ አጣ ማለት ነው። ጎል የማይስት አጥቂ ያለው ቡድን እንኳ አካፋና ጋሪ ካልያዘ ሻምፒዮን መሆን አይችልም። ቅዳሜ ጠዋት ተኝቶ የቀረውን ልጅ ሄደው የሚቀሰቅሱት የራሱ ጓደኞች ናቸው፤ አሠልጣኝ መቆጣት፣ ወላጅ መምከር አያስፈልገውም። ሥራው የቡድን ጉዳይ፣ ደረጃው የክብር ጉዳይ ይሆናል። በእኔ ግምት የማኅበሩ ጥበብ ሁሉ እዚህ ሕግ ውስጥ አለ፤ ለዚህም ተጨማሪ በጀት አላስፈለገውም። በ1992 በሪዮ ደ ጄኔሮ በተካሄደው የምድር ጉባኤ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ግሎባል 500 የተባለውን ሽልማት ለማይሳ የሰጠውም በዚህ የጽዳት ሥራው ነበር።

የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ሲያነብ የክረምት ዋንጫ ትዝ ሊለው ይገባል። ትምህርት ሲዘጋ በየሰፈሩ የሚቋቋሙት ቡድኖች፣ ከየሱቁ የሚሰበሰበው የማሊያ መዋጮ፣ በየፕሮጀክቱ ታዳጊዎችን ያለ ደመወዝ የሚያሠለጥኑት ሰዎች፣ ለሰፈሩ ቡድን ሲል ዝናብ እየመታው የሚቆመው ተመልካች፣ ይህ ሁሉ እኛ ዘንድም አለ። ክረምቱም ቦይ የሚሞላበት ወቅት ነው። በሰንጠረዡ ላይ የጽዳት ዓምድ መጨመር የውድድሩ አዘጋጅ ኮሚቴ በአንድ ስብሰባ ሊወስነው የሚችል ጉዳይ ነው።

ሌላው የማይሳ መለያ በልጆቹ መመራቱ ነው። ሊጉ የተከፋፈለው በ16 ቀጠናዎች ነው፤ በየቀጠናው ቡድኖቹ ተወካዮቻቸውን ይመርጣሉ፣ ከተወካዮቹም የስፖርትና የማኅበረሰብ አገልግሎት ምክር ቤቶች ይዋቀራሉ። የጨዋታ ሰዓት የሚያወጡት፣ አቤቱታ ሰምተው ቅጣት የሚወስኑት፣ የጽዳት ቦታና ተራ የሚደለድሉት በአብዛኛው አሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ወጣቶች ናቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ማኅበሩ ከ1,000 በላይ ቡድኖችና ከ10,000 በላይ ተጫዋቾች ነበሩት። ይህን ያህል ሊግ ማስተዳደር ለጎልማሳም ቀላል አይደለም። አንድ የ15 ዓመት ልጅ የተናደዱ ሁለት ቡድኖችን አስቀምጦ ማስማማት ከለመደ ሰፈሩ ሽማግሌ አገኘ ማለት ነው።

የዳኝነቱ ሥርዓትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ከቢጫና ከቀይ ካርድ ሌላ ማይሳ አረንጓዴ ካርድ አለው፤ ዳኛው ከሁሉ በላይ በጨዋነት ለተጫወተ ልጅ የሚሰጠው ነው፣ ነጥብም ያስገኛል። በቀይ ካርድ የወጣ ደግሞ ከቅጣቱ ለመመለስ የታናናሾቹን ጨዋታ በዳኝነት እንዲመራ ይደረጋል። ፊሽካ ይዞ መሀል ሜዳ ላይ ሲጮኹበት የዋለ ልጅ ከዚያ በኋላ ዳኛ ላይ ለመጮኽ ሁለት ጊዜ ያስባል።

ነጥብ የመሰብሰቡ ነገር እስከ ትምህርት ቤት ክፍያ ይደርሳል። በማታሬ ልጅ ከትምህርት ገበታ የሚርቀው ብዙውን ጊዜ ክፍያ በማጣት ነው። ማይሳ የአመራር ሽልማት ብሎ በሚጠራው ሥርዓት ወጣቱ በአሠልጣኝነት፣ በዳኝነት፣ በጽዳት፣ በኤች አይ ቪ ትምህርት ለሰጠው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነጥብ ይመዘገብለታል፤ ከፍተኛ ነጥብ ላገኙት ክፍያው በቀጥታ ለትምህርት ቤታቸው ይገባል። ጎበዝ ኳስ ተጫዋች መሆን እዚህ ላይ አያሸልምም። ልጁ የሚያገኘው ገንዘብ ለሰፈሩ በሠራው ልክ ስለሆነ ምጽዋት የተቀበለ አይመስለውም፤ ወላጆቹም ኳስን ሥራ ፈትነት ነው ማለቱን ይተዋሉ።

ሴቶች ወደ ሊጉ የገቡት ማኅበሩ ከተመሠረተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1992 ነው። የማይሳ ወንዶች ቡድን ኦስሎ ላይ በየዓመቱ በሚደረገው የኖርዌይ ዋንጫ ተካፍሎ ነበር፤ ይህ ውድድር በዓለም ካሉት ግዙፍ የታዳጊዎች ውድድሮች አንዱ ነው። እዚያም ሴት ልጆች ኳስ ሲጫወቱ አይተው መጡ። ማታሬ ላይ መጀመሩ ግን ብዙ ጣጣ ነበረው። ሴት ልጅ ከትምህርት መልስ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናናሾቿን ትይዛለች፣ ምግብ ታበስላለች። እናቶች ሥራ እንዳይጎድል፣ አባቶች ስም እንዳይጠፋ ይፈሩ ነበር፤ የምሽቱ መንገድ አደጋም እውነተኛ ሥጋት ነበር። ስለዚህ አሠልጣኞቹ በየቤቱ እየሄዱ ወላጅ ማስፈቀድ፣ ልምምዱንም ሳይመሽ መጨረስ ነበረባቸው። ሕፃን ይዛ ሜዳ የመጣች ተጫዋችም አትባረርም ነበር። በ1994 የተጀመረው የኤች አይ ቪ ትምህርት ለእነዚህ ልጆች የበለጠ ዋጋ ነበረው። ኬንያ ውስጥ በሽታው ወጣቱን በሚያጭድበት በዚያ ዘመን ስለ ወሲብ ከወላጅ ጋር ማውራት ነውር ነው፤ ከምታምናት የቡድን አምበል ጋር ግን ይቻላል።

በ1994 ከሊጉ ጎበዞች የተውጣጣ ዋና ክለብ ተመሠረተ፤ ማታሬ ዩናይትድ። ክለቡ ገና በታችኛው ዲቪዚዮን ሳለ በ1998 የኬንያን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ አነሣ። በ2000 ዋንጫውን ደገመው። ለፈረንሳዩ ኦክዜር ለዓመታት የተጫወተው አጥቂ ዴኒስ ኦሊች ከዚህ ክለብ የወጣ ነው። የክለቡ ተጫዋቾችም ከጽዳቱና ከታዳጊ ማሠልጠኑ ግዴታ ነጻ አልነበሩም፤ ብሔራዊ ቡድን የተጠራ ልጅ ቦይ ሲጠርግ ማየት ለማታሬ ሕፃናት ከየትኛውም ትምህርት ይበልጣል።

ከዚያ የ2007 ምርጫ መጣ። ውጤቱ ያስነሣው ግጭት በመላ ኬንያ ከ1,100 በላይ ሰዎች ገደለ። ማታሬም ከተቃጠሉት ሰፈሮች አንዱ ነበር፤ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ በብሔር ተለይቶ ተነሣ። ሀያ ዓመት አብሮ ኳስ የተጫወተ ሰፈር ይህ እንዴት ደረሰበት ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱም ግልጽ ይመስለኛል፦ ፖለቲከኛ ገንዘብ በትኖ፣ በመሬትና በቤት ኪራይ የቆየ ቂም ቆስቁሶ የሚያነሣውን እሳት የልጆች ሊግ ሊያግደው አይችልም። ሊጉ የቻለው እሳቱ ሲበርድ ሰዎች የሚገናኙበት ቦታ መሆን ነው። ማታሬ ዩናይትድ የኬንያ ፕሪምየር ሊግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በማግሥቱ ዓመት፣ በ2008 ነበር፤ ከየብሔሩ የተውጣጡ የማታሬ ልጆች ናቸው ያሸነፉት።

የማይሳ አሠራር ከናይሮቢም ወጥቷል። በ1999 ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ጋር በሰሜን ምዕራብ ኬንያ በካኩማ መጠለያ ተመሳሳይ ሥራ ተጀመረ። በዚያ ሱዳናውያን፣ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ይኖሩ ስለነበር፣ በመጠለያው የነበሩ ወገኖቻችንም ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደሉም። በ2003 እና በ2004 ማኅበሩ ለኖቤል የሰላም ሽልማት ታጭቷል።

ይሁንና ማይሳ ያልፈታው ችግር አለ፣ ሊፈታውም የማይገባ። በሚያዝያ 2024 የማታሬ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ነዋሪዎችን ገደለ፤ መንግሥት ከዚያ ወዲህ በወንዝ ዳር ያሉ ቤቶችን አፈረሰ። የፍሳሽ መስመር መዘርጋት፣ ቆሻሻ ማንሣት፣ ለድሃ ደህና ቤት መሥራት የከተማ አስተዳደር ግዴታ ነው፤ ሕፃናት አካፋ ይዘው ስለወጡ ከግዴታው ነጻ አይወጣም። የገንዘቡም ነገር አለ። የማይሳ ወጪ ለብዙ ዘመን የተሸፈነው በውጭ ለጋሾች፣ በተለይም በኖርዌይ ድርጅቶች ነው። ለጋሽ ሲቀንስ ቀድሞ የሚጎዳው ደመወዝ፣ መኪናና ቢሮ የሚጠይቀው ክፍል ነው፤ ክለቡን ማኖርም እንዲሁ ከባድ ሆኗል። በሰፈር ኮሚቴ፣ በበጎ ፈቃድ ዳኛና በጽዳት ነጥብ የሚሄደው የታዳጊዎች ሊግ ግን የሚፈልገው ኳስ፣ ፊሽካ፣ አካፋና ያልተቀማ ሜዳ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በናይሮቢ ለማግኘት የሚከብደው የመጨረሻው ነው።