ጊሚክ ምንድን ነው? ልብስም አይደለም፣ ጎራም አይደለም

ሰሞኑን አንድ የሬስሊንግ ተንታኝ ነኝ ባይ፣ ኒው ደይ የተባሉት ተፋላሚዎች በ2015 ጊሚካቸውን ቀይረው ክፉዎች ሆኑ ሲል ሰማሁት። ቀጠለና ደግሞ ብራድሾውና ፋሩቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊሚክ ይዘው የዘለቁ ጥንድ ናቸው አለ። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ ያውም አንዱ የሌላው ግልባጭ የሆነ ስሕተት። ያልቀየሩትን ቀየሩ፣ የቀየሩትን አልቀየሩም ብሏል። እሱ ብቻ ቢሆን ባለፍኩት ነበር። ነገር ግን ይኸው አባባል እንደ ዕውቀት ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ስሰማ ከረምኩ።

የፕሮፌሽናል ሬስሊንግ ውጤት አስቀድሞ እንደሚወሰን፣ በጥንድ ግጥሚያም አንዱ ሲደክም ጓደኛውን እጁን ነክቶ እንደሚያስገባው እዚህ አላብራራም። ከሁለቱ የኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በስተቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጊሚክ ተፋላሚው ለተመልካች ይዞት የሚቀርበው ማንነት ነው ይባላል። ልክ ነው፤ ግን አይበቃም። ማንነት ሲባል የብዙ ሰው ዓይን ወዲያው ወደ ካባው፣ ወደ ባርኔጣው፣ ቀለም ወደተቀባው ፊት ይሄዳል። እኔ የምለይበት መንገድ አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው ለምን ይፋለማል? መልሱ ሲቀየር ጊሚኩ ተቀየረ። መልሱ ካልተቀየረ ሱሪው ቀይ ይሁን አረንጓዴ፣ ሕዝቡ ያጨብጭብለት ወይም ይስደበው፣ ጊሚኩ ያው ነው። ሕዝቡ እንዲወደው ነው ወይስ እንዲጠላው የተሰለፈው የሚለው የጎራ ጉዳይ ነው። ጎራ ደግሞ በአንድ ምሽት ሊቀየር ይችላል።

ብዙዎቻችን ሬስሊንግ ያየነው በቪዲዮ ቤት ወይም በአረብ ሳተላይት ጣቢያ፣ የጨዋታ አስተላላፊውን ቋንቋ በቅጡ ሳንሰማ ነው። ተፋላሚው በማይክራፎን የሚለው ሁሉ ያመልጠን ስለነበር የቀረልን ልብሱ ብቻ ነበር። ለተመልካች ይህ ይቅር ይባላል። ለተንታኝ ግን አይባልም።

ከብራድሾውና ከፋሩቅ ልጀምር፤ እዚያ ያለው ስሕተት ይበልጥ ያናድደኛል። ሁለቱ ከመገናኘታቸው በፊት እያንዳንዳቸው ብዙ የተጣለ ማንነት ነበራቸው። ፋሩቅ የተባለው ሮን ሲመንስ ለፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫውቶ ስሙን ያስጠራ፣ ነሐሴ 1992 ባልቲሞር ላይ ቬደርን አሸንፎ ደብሊው ሲ ደብሊው የተባለው የሬስሊንግ ድርጅት የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ያን ጊዜ የተፋለመው በገዛ ስሙ ነው፤ ሌላ ነገር አላስፈለገውም። በ1996 በኋላ ደብሊው ደብሊው ኢ ወደተባለው ተፎካካሪ ድርጅት፣ ወደ ደብሊው ደብሊው ኤፍ፣ ሲመጣ ግን ሰማያዊ የራስ ቁር ደፍተውለት፣ ግላዲያተር አስመስለው አወጡት። ምስሉን ዛሬም ሳየው እኔ አፍራለሁ። ደግነቱ በጥቂት ወራት ውስጥ የራስ ቁሩ ተጥሎ ኔሽን ኦፍ ዶሚኔሽን የተባለ የተፋላሚዎች ቡድን መሪ ሆነ። ብራድሾው፣ ማለትም ጆን ሌይፊልድ፣ በዚያው ዓመት ቁጡ የቴክሳስ ሰው ሆኖ መጣ። በ1997 ከባሪ ዊንድሃም ጋር ብላክጃክስ የተባሉትን የድሮ ጥንድ እንዲያድሱ ተደረገ፤ ነገሩ አልያዘም።

በ1998 መጨረሻ ሁለቱ አኮላይትስ ተብለው ተጣመሩ። በ1999 መጀመሪያ አንደርቴከር በተባለው ተፋላሚ የጨለማ ቡድን ውስጥ አገልጋዮች ሆኑ። ደረታቸው ላይ ምልክት ተሥሎባቸው፣ ጌታቸው የፈለገውን ሰው እየጠለፉ ያመጡለት ነበር። ከጠለፏቸው አንዱ ዴኒስ ናይት ነው፤ ሚዲየን የሚባል ሌላ ፍጡር ሆኖ ወጣ። ለምን ይፋለሙ ነበር? ታዝዘው። የራሳቸው ፍላጎት የላቸውም፤ እንዲኖራቸውም አልተፈቀደም።

ቡድኑ ሲፈርስ ጌታ የሌላቸው አገልጋዮች ምን ይሆናሉ የሚል ጥያቄ መጣ፤ በ2000 የተሰጠው መልስ ለእኔ ሬስሊንግ ካያቸው ብልሃቶች አንዱ ነው። ኤ.ፒ.ኤ. የሚባል የጥበቃ ድርጅት ከፈቱ። ከመድረክ ጀርባ አንድ ጠረጴዛ፣ ካርታ፣ ቢራና ሲጋራ ይዘው ይቀመጣሉ። ጉልበት ያነሰው ተፋላሚ ገንዘብ ይዞ ይመጣል፤ እነሱም ጠላቱን ይደበድቡለታል። ቢሯቸው ግድግዳ የለውም፤ ባዶ ቦታ ላይ የቆመ በርና መቃን ብቻ ነው። ቢሆንም በጎን ዞሮ የሚገባ ሰው ይቆጣሉ፤ በበሩ ተመልሶ እንዲገባ ያደርጉታል። ለምን ይፋለማሉ? ለቢራ መግዣ። መልሱን እነሱ ራሳቸው በግልጽ ይናገሩት ነበር።

የትግል ልብሳቸውን እዩት፤ ያው ጥቁር ነው። አመታታቸው ያው ነው። የብራድሾው ክንድ የሰው አንገት የሚያገኝበት ምት ያው ነው። ተንታኙ ይህን አይቶ አልተቀየሩም አለ። ነገር ግን በ1999 የታዘዘውን የሚፈጽም ሎሌ የነበረ ሰው፣ በ2000 ዋጋውን ራሱ የሚተምን ነጋዴ ሆኗል። ከዚህ በላይ ምን ይቀየር?

አሁን ወደ ኒው ደይ። ኅዳር 2014 ኮፊ ኪንግስተን፣ ቢግ ኢና ዛቪየር ዉድስ በደማቅ ልብስ፣ እያጨበጨቡና እንደ ሰባኪ እየተናገሩ ብሩህ አስተሳሰብን ሊያስተምሩ ወጡ። ሕዝቡ ጠላቸው። በራሳቸው ጭብጨባ ምት ላይ ስድብ ሠርቶ ይዘምርባቸው ጀመር። በሚያዝያ 2015 ድርጅታቸው ደብሊው ደብሊው ኢ ነገሩን ተቀብሎ ወደ ክፉው ጎራ አዛወራቸው፤ በዚያው ወር የጥንድ ሻምፒዮንነት ቀበቶውን ወሰዱ። ምን ቀየሩ? ጭብጨባው አለ፣ ስብከቱ አለ፣ ደማቁ ልብስ አለ። የሚፋለሙበትም ምክንያት ያው ብሩህ አስተሳሰብን ለዓለም ማዳረስ ነው። የተቀየረው ሕዝቡ ያንን ፈገግታ የሚያነብበት መንገድ ነው። ቆይቶ ትሮምቦኑና የአንድ ቀንዱ ፈረስ ቀንድ ሲጨመር ሰዉ ሳይወድ በግድ ይስቅ ጀመር፤ በ2016 ዳግመኛ ተወዳጆች ነበሩ። እስከዚያ ድረስ ሁለት ጊዜ ጎራ ቀይረዋል፤ ጊሚክ ግን አንድ ጊዜም አልቀየሩም።

አዝማሪ ቤት የሚያዘወትር ሰው ይህን ያለ እኔ እርዳታ ይረዳዋል። አዝማሪው ሲገባ ያሞግስሃል፤ ኪስህን ካልነካህ ደግሞ በዚያው ዜማ ሸንቆጥ ያደርግሃል። ማሲንቆው ያው፣ ቅኝቱ ያው ነው። ሙያ ቀየረ የሚለው ማንም የለም፤ ወደ ስድብ ዞረ ነው የሚባለው። የሕዝቡ ስድብም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። አንዱ ጠጪ ተቀበል ይልና አዝማሪውን ራሱን የሚነካ ግጥም ይሰጠዋል። ጎበዝ አዝማሪ አይሸሽም፤ ስንኙን ተቀብሎ፣ በዜማው አስውቦ፣ ቤቱን በሳቅ ይሞላዋል። ኒው ደይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሦስት መሆናቸውም አያውክም፤ ከሦስቱ ማንኛቸውም ሁለት ቀበቶውን መከላከል ይችላሉ የሚለው ደንብ ፍሪበርድስ ከተባለው የጥንት የተፋላሚዎች ቡድን የመጣ ነው፤ ማሲንቆውን የሚቀባበሉ ሦስት አዝማሪዎች እንደማለት። ከነሐሴ 2015 እስከ ታኅሣሥ 2016 ለ483 ቀናት ሻምፒዮን ሆነው ዴሞሊሽን የተባለውን የቀድሞ ጥንድ የ478 ቀናት ክብረ ወሰን ሰብረዋል።

ምሳሌው የሚሰበረው ባለቤትነት ላይ ሲደርስ ነው። አዝማሪ ከቤቱ ባለቤት ጋር ሲጣላ ማሲንቆውን አንግቶ ጎረቤት ይገባል። ተፋላሚው ግን ስሙን ይዞ መውጣት ላይችል ይችላል። ሥራዬ የንግድ ምልክትና የቅጂ መብት ጥብቅና ስለሆነ እዚህ ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር። ስምና ዓርማ በንግድ ምልክት ይጠበቃሉ፤ በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 501/1998። የቅጂ መብት አዋጃችን፣ ቁጥር 410/1996፣ ሥራን እንጂ ሐሳብን አይጠብቅም። ለምን ይፋለማል የሚለው መልስ በራሱ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ድርጅቱ በወረቀት የሚይዘው በአብዛኛው ጊሚክ ያልሆነውን ክፍል ነው። የአሜሪካ ሕግ በደንብ የተሣለን ገጸ ባሕርይ ሊጠብቅ እንደሚችል ግን ላስታውስ፤ ድንበሩ እንዳልኩት ቀጥ ያለ አይደለም።

ዱድሊ ቦይዝ የተባሉት ጥንድ በ2005 ከደብሊው ደብሊው ኢ ሲለቁ ስማቸው እዚያው ቀረ። ወደ ሌላ የሬስሊንግ ድርጅት፣ ወደ ቲ ኤን ኤ፣ ገብተው ቲም ስሪ ዲ ተባሉ፤ ሰው ጠረጴዛ ላይ መከስከሳቸውን ግን ቀጠሉ። ማን እንደሆኑ ማንም አልተሳሳተም። ስም ጠፋ፣ ጊሚክ ተረፈ።

ተቃራኒውም ተሞክሯል፤ የተንታኛችንን ሐሳብ ያፈረሰው እንዲያውም እሱ ነው። በ1996 ዲዝል የነበረው ኬቨን ናሽና ሬዘር ራሞን የነበረው ስኮት ሆል ወደ ተፎካካሪው ደብሊው ሲ ደብሊው ተሻገሩ። ደብሊው ደብሊው ኤፍ ከሰሰ። ገጸ ባሕርያቱ የእኔ ናቸው ብሎም በዚያው ዓመት ሌሎች ሁለት ሰዎችን በዚያው ስምና ልብስ አወጣ። የአዝማሪ ቤቱ ባለቤት ማሲንቆውን ለአስተናጋጁ ሰጥቶ ዝፈን እንዳለው ነው። በታኅሣሥ ወር ለጥንድ ቀበቶ እንዲጋጠሙ ጭምር ተደረገ፤ በኦወን ሃርትና በብሪቲሽ ቡልዶግ ተሸነፉ፤ ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ተረሳ። ጓንቱ፣ የወርቅ ሐብሉ፣ ስሙ ሁሉ ነበር። የጎደለው ሕዝቡ ከነዚያ ሁለት ሰዎች ይጠብቀው የነበረው ምክንያት ነው። ተፋላሚው ደካማ ስለነበረ ነው እንዳትሉኝ፤ የውሸቱ ዲዝል ግሌን ጄኮብስ በቀጣዩ ዓመት ኬን ሆኖ ወጣና ከሃያ ዓመት በላይ ዘለቀበት። በ2018 ደግሞ በቴነሲ የኖክስ ካውንቲ ከንቲባ ሆኖ ተመርጧል።

ጊሚክ መቀየር በራሱ ስኬት የሚመስላቸውም አሉ። ጎድዊንስ የተባሉት የአሳማ አርቢ ጥንዶች፣ አንዱ በኋላ የተጠለፈው ዴኒስ ናይት ነው፣ ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ነበሩ። በ1998 የአሳማ ምግብ ባልዲያቸውን ጥለው፣ ጨዋ ልብስ ለብሰው፣ ጄፍ ጃሬት የተባለው ተፋላሚ ጠባቂዎች ሆኑ። በእኔ መለያ ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው። የሁለተኛው፣ የማርክ ካንተርበሪ፣ የአንገት ጉዳት አሳጠረው እንጂ፣ ሳይጎዳም ቢሆን ሩቅ ይሄድ ነበር ብዬ አላምንም።

የኮፊ ኪንግስተንም ነገር ብዙ ጊዜ ይነሳል። ጋና የተወለደው ይህ ሰው በ2008 በቴሌቪዥን ሲታይ የጃማይካ ሰው ተብሎ በጃማይካ አነጋገር ያወራ ነበር፤ በ2009 አነጋገሩን ተወው። ትልቅ የጊሚክ ለውጥ ተብሎ ይጠቀሳል። ለምን እንደሚፋለም ግን በጃማይካዊነቱም በጋናዊነቱም የነገረን አልነበረም። የአፍ ልብስ ነበር፤ ወለቀ። ምክንያት ያገኘው በኒው ደይ ነው። ሚያዝያ 2019 ዳንኤል ብራያንን ሲያሸንፍ በአፍሪካ የተወለደ የመጀመሪያው የደብሊው ደብሊው ኢ ሻምፒዮን ሆነ።

መለያዬን የሚፈትነው አንድ ጉዳይ ይቀራል፤ ከኤ.ፒ.ኤ. የሚመጣ ነው። መጋቢት 2004 ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ይተውን የነበረው ፖል ሄይማን ሲመንስን አባረረ፤ ብራድሾው ከጓደኛው ጋር መውጣት ትቶ እዚያው ቀረ። በማግስቱ ማለት ይቻላል ጄቢኤል ሆኖ ተመለሰ፦ ነጭ ባርኔጣ፣ ሙሉ ልብስ፣ አፍንጫዋ ላይ የበሬ ቀንድ የተተከለባት ሊሞዚን፣ ድሃን የሚንቅ ባለሀብት። በሰኔ ኤዲ ጌሬሮን አሸንፎ ቀበቶውን ወሰደ፤ እስከ ሚያዝያ 2005 ጆን ሲና እስኪቀማው ያዘው። ተንታኞች ሁሉ የዘመኑ ትልቁ የጊሚክ ለውጥ ይሉታል። ጥያቄዬን ስጠይቅ ግን ለምን ይፋለማል? ለገንዘብ። ይህ እኮ የበሩና የመቃኑ መልስ ነው። በአንድ በኩል ያው ሰው ነው ለማለት እገደዳለሁ። በሌላ በኩል የኤ.ፒ.ኤ. ገንዘብ ለሁለት የሚጠጣ ቢራ መግዣ ነበር፤ የጄቢኤል ገንዘብ ሌላውን መርገጫ ነው። ስለዚህ ተቀይሯል እላለሁ፤ ነገር ግን የቀየረው ባርኔጣው ሳይሆን ሲመንስ ከበሩ ሲወጣ እሱ መቀመጡ ነው። ያ ውሳኔ ባይኖር ሊሞዚኗ ዕቃ ብቻ ትሆን ነበር።

በዚያው በ2004 ሰኔ ሌይፊልድ ሙኒክ ላይ በመድረክ የናዚ ሰላምታ አሳይቶ፣ በገንዘብ ጉዳይ ተንታኝነት የቀጠረው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲ ኤን ቢ ሲ አሰናብቶታል። ክፉ ገጸ ባሕርይ እየተወንኩ ነው የሚል መከላከያ አቀረበ። ደንበኛዬ ቢሆን ኖሮ ይህን እንዳትናገር እለው ነበር፤ ጊሚክ የማንም ይሁን የማን፣ ክንዱን ያነሳው ሰው ከተጠያቂነት አይወጣም።