የቲማቲም ቅጠል በሽታዎች በጎጃም፦ መለያቸውና መከላከያቸው

ቲማቲም በጎጃም በብዛት የሚለማው ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስኖ ነው። በመራዊ አካባቢ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ የተገነባው የቆጋ መስኖ፣ በጋውን የሥራ ወቅት ካደረጉ የአገራችን ልማቶች አንዱ ነው።

ከቅጠል በሽታዎቹ ሁሉ አውዳሚው ዋግ ነው። አምጪው ፊቶፍቶራ ኢንፌስታንስ የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ የድንች ሰብል አውድሞ ብዙ ሕዝብ ያስራበው ይኸው ነው። በቅጠሉ ላይ በመጀመሪያ ውኃ የነካው የሚመስል፣ ዳርቻው በግልጽ ያልተለየ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ከዚያም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቡናማ ሆኖ ቅጠሉን ያደርቃል፣ ወደ ግንዱና ወደ ፍሬውም ይዛመታል። ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ ቅጠሉን ገልብጦ ያየ ሰው በቁስሉ ዙሪያ ስስ ነጭ ሻጋታ ያገኛል፤ ከሌሎቹ በሽታዎች የሚለየው አስተማማኙ ምልክትም ይህ ነው። ሌሊቱ ቀዝቅዞ ቅጠሉ ለረጅም ሰዓት እርጥብ ሆኖ ከቆየ አንድ ማሳ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። ዋግ ድንችንም ስለሚያጠቃና ዘሩ በነፋስ ስለሚጓዝ፣ ከድንች ማሳ አጠገብ ቲማቲም መትከል አይመከርም። የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ዋግን የሚቋቋሙትን ዘንገናና ጓሳ የተባሉ የድንች ዝርያዎች ማውጣቱ ለአካባቢው የሚያኮራ አስተዋጽኦ ነው።

መከላከሉ ከተከላ ይጀምራል። ችግኙን አራርቆ መትከል፣ በእንጨት ደግፎ ከመሬት ማንሳት፣ ውኃውን ቅጠል ላይ ሳይሆን በቦይ ማጠጣት፣ የታመመውን ቅጠል ለቅሞ ከማሳው አርቆ መቅበር ያስፈልጋል። ማንኮዜብ የተባለው ፀረ-ፈንገስ መድኃኒት ጠቃሚ የሚሆነው በሽታው ሳይገባ ሲረጭ ነው፤ ሜታላክሲል ያለበት ድብልቅ ወደ ተክሉ ውስጥ ይዘልቃል፣ ነገር ግን ያለማፈራረቅ ከተደጋገመ ተሕዋሱ ይለምደዋል። ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ በመለያው ላይ የተጻፈውን ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው። በቀጣዮቹ ሁለትና ሦስት ዓመታትም በማሳው ላይ ድንች ወይም በርበሬ ሳይሆን በቆሎ ወይም ጤፍ መዝራት ይገባል።

አልተርናሪያ የተባለው ፈንገስ ከታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ጀምሮ እንደ ዒላማ የተደራረቡ ክብ መስመሮች ያሉት ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። አመዳይ የተባለው የፈንገስ በሽታ ደግሞ የሚበረታው በደረቅ ወቅት ሲሆን፣ በቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ፣ ከቅጠሉ ጀርባም ዱቄት መሰል ነጭ ሽፋን ያሳያል። አመድ መነስነስ ይረዳል የሚሉ ገበሬዎች አሉ።

በነጭ ዝንብ የሚተላለፈው ቅጠልን የሚጠቀልልና ቢጫ የሚያደርግ ቫይረስ ከያዘ በኋላ የሚፈውሰው ኬሚካል የለም፤ የታመመውን ተክል ነቅሎ ማስወገድና የችግኝ መደቡን ጥቅጥቅ ባለ መረብ መሸፈን ያዋጣል።