«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ»፦ የአባባሉ ትርጓሜና የድራይቨር ኮድ ግምገማ

«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።» አባባሉ የሚጠራው በሬውን ነው፤ የሚነገረው ግን ለሰው፣ ጥቅሙ ዓይኑን ስቦት መዘዙን ሳያይ ለገባ ሰው ነው። ምስሉ የተወሰደው ከግጦሽ ነው። ሜዳው ላይ ያለው ሣር በየዕለቱ ይጋጣል፤ አፋፉ ላይ ያለው ግን የሚደፍረው ስለሌለ ለምልሞ ይቆያል። በሬ ሲግጥ አንገቱን ደፍቶ ስለሆነ አንዱ ጉርሻ ወደ ሌላው እየመራው እግሩ የት እንደደረሰ አያይም።

አባባሉን ብዙ ሰው ስለ ችኮላ ወይም ስለ ስስት አድርጎ ይተረጉመዋል። ትርጉሙ ልክ ነው፤ የምስሉን ትልቁን ቁም ነገር ግን ይዘለዋል። ሣሩ እዚያ የለመለመው ገደሉ ስላለ ነው። ማንም ያልረገጠው ቦታ ስለሆነ ነው የሚያምረው። ለከርነል (ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) የተጻፈ ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉን ከአንድ ሃርድዌር ጋር የሚያገናኝ ኮድ፣ ለሚገመግም ሰው ይህ ክፍል ነው የሚጠቅመው። ንጹሕ መስሎ የሚታየው ኮድ ብዙ ጊዜ አንድም ቀን ሮጦ የማያውቅ ኮድ ነው፤ እሱም ነገር ሲከሽፍ ብቻ የሚደረስበት መንገድ ነው።

አንድ ተራ ፕሮግራም ቢሳሳት የሚሞተው ራሱ ነው። ድራይቨር ግን በከርነሉ ሙሉ ሥልጣን ስለሚሠራ ስህተቱ ማሽኑን በሙሉ ይዞ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2001 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሊኑክስን ኮድ በራስ ሰር የኮድ መመርመሪያ ፈትሸው፣ በድራይቨሮች ውስጥ ያለው የስህተት መጠን ከቀረው ከርነል ከሦስት እስከ ሰባት እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል አሳይተዋል። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሃርድዌሩ በእጁ ያለ ሰው ጥቂት ነው፣ እሱም ቢሆን የሚሞክረው በደህና የሚሠራ ሃርድዌር ላይ ነው።

ግምገማው ቢጀመር የሚሻለው ፕሮብ ከሚባለው ፈንክሽን ነው። ድራይቨሩ መሣሪያውን ሲረከብ ሜሞሪ ይጠይቃል፣ ሬጅስተሮቹን (መሣሪያው የሚታዘዝባቸውን ትንንሽ ማስቀመጫዎች) በአድራሻ እንዲደረስባቸው ማፕ ያደርጋል፣ ክሎክ (የመሣሪያውን የሥራ ምት) ያበራል፣ ኢንተራፕት (መሣሪያው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን ምልክት) ያስመዘግባል፣ በመጨረሻም ራሱን ለተጠቃሚው ይገልጣል። አራተኛው እርምጃ ከከሸፈ ሦስተኛው፣ ሁለተኛውና አንደኛው በዚሁ ቅደም ተከተል ወደ ኋላ መፍረስ አለባቸው። ስለዚህ ፈንክሽኑን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ይጠቅማል፤ የተያዘ ነገር በተገኘ ቁጥር የሚለቀቅበትን መስመር ጣት አስቀምጦ መፈለግ። የተለመዱት ጥፋቶች ጥቂት ናቸው፦ መሀል ላይ ምንም ሳይፈታ የሚመለስ «ሪተርን»፣ አንድ እርምጃ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ወዳለ መለያ የሚዘል «ጎቱ»፣ የስህተት ቁጥሩን ሳይሞሉ 0 መመለስ። የመጨረሻው ከሁሉ ይከፋል። ከርነሉ መሣሪያው ተሳክቶ እንደተያዘ ስለሚያምን በኋላ ግማሹ ብቻ በተገነባ ነገር ላይ ይሠራል።

እያንዳንዱ ጥሪ ክሽፈቱን እንዴት እንደሚናገርም መታየት አለበት። አንዳንዱ ባዶ ፖይንተር (ምንም የማያመለክት የሜሞሪ አድራሻ) ይመልሳል፣ አንዳንዱ የስህተት ቁጥር በውስጡ የያዘ ፖይንተር። ለሁለተኛው ዓይነት የባዶ ፖይንተር ፍተሻ ማድረግ ከአለመፈተሽ አይለይም። የኢንተራፕት ቁጥር የሚያመጣው ጥሪ ሲከሽፍ ከ0 በታች ይመልሳል፤ ውጤቱ ምልክት በሌለው (ከ0 በታች በማይይዝ) ኢንቲጀር ከተያዘ «ከ0 ካነሰ» የሚለው ፍተሻ መቼም እውነት አይሆንም።

ብዙ ገምጋሚ የሚታለልበት ቦታ «ዴቭኤም» በሚል ቅድመ ቅጥያ የሚጀምሩት ጥሪዎች ናቸው። የተያዘውን ነገር ከርነሉ ራሱ ስለሚለቅ ኮዱ ያጥራል፣ የክሽፈት መለያዎቹም ይጠፋሉ። እንዲህ ዓይነት ኮድ መልካም ነው፤ አደጋው ከእጅ አሠራር ጋር ሲቀላቀል ነው። ኢንተራፕቱ በ«ዴቭኤም» ተይዞ ክሎኩ በእጅ በርቷል እንበል። መሣሪያው ሲወገድ ሪሙቭ የሚባለው ፈንክሽን ክሎኩን ያጠፋል፤ ኢንተራፕቱ ግን የሚለቀቀው ሪሙቭ ከተመለሰ በኋላ ነው። በመሀል አንድ ኢንተራፕት ከመጣ ሃንድለሩ (ኢንተራፕት ሲመጣ የሚጠራው ፈንክሽን) ክሎክ የሌለውን ሬጅስተር ያነባል፤ በብዙ ቺፖች ላይ ይህ ባሱን (መረጃ የሚያልፍበትን መስመር) ያደርቃል ወይም ፕሮሰሰሩ ከባድ ስህተት እንዲያነሳ ያደርጋል። መፍትሔው ክሎኩንም በ«ዴቭኤም» መያዝ፣ ያውም ከኢንተራፕቱ በፊት፤ የሚለቀቁት በተያዙበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ነውና። ያ ካልሆነ ኢንተራፕቱን በሪሙቭ ውስጥ ቀድሞ በእጅ መልቀቅ ነው።

ኢንተራፕቱ የተመዘገበበት መስመር ላይ ሌላም ጥያቄ አለ፦ ሃንድለሩ በዚያችው ቅጽበት ቢጠራ የሚነካው ሁሉ ተዘጋጅቷል? የኢንተራፕቱን መስመር ሌላ መሣሪያ የሚጋራው ከሆነ ጥሪው ወዲያው ሊመጣ ይችላል። ስፒንሎኩ (እስኪለቀቅ በባዶ እየዞሩ የሚጠብቁት ቁልፍ) ከምዝገባው በታች ባለ መስመር የሚዘጋጅ ከሆነ ያ ስህተት ነው፤ በሙከራ ጠረጴዛ ላይ ምንም ባይታይም። በሃንድለሩ ውስጥና በስፒንሎክ ሥር መተኛት (ፕሮሰሰሩን ለቆ መጠበቅ) አይፈቀድም፤ ሚውቴክስ (ተኝተው የሚጠብቁት ቁልፍ) መያዝ፣ ሊጠብቅ የሚችል የሜሞሪ ጥያቄ፣ በሚሊሰከንድ መተኛት ሁሉም እዚህ ይገባሉ። ሃንድለሩ የሚይዘውን ስፒንሎክ ሌላው ኮድ ኢንተራፕት ሳያጠፋ ከያዘው፣ በዚያው ፕሮሰሰር ላይ የሚመጣው ሃንድለር መቼም የማይለቀቅ ቁልፍ ይጠብቃል።

ሃርድዌሩንም ማመን አይገባም። «ዝግጁ» የሚለው ቢት እስኪበራ በባዶ የሚዞር ሉፕ የጊዜ ገደብ ከሌለው የተበላሸ መሣሪያ ፕሮሰሰሩን ይዞ ይቀራል። ከፒሲአይ ኤክስፕረስ (የካርድ ማያያዣ) የተነቀለ መሣሪያ ሲነበብ ብዙ ጊዜ ሁሉም ቢቶቹ 1 የሆኑ ቁጥር ይመጣል፤ ያን ቁጥር እንደ ሁኔታ መግለጫ ወይም እንደ ርዝመት የሚወስድ ኮድ መጨረሻው አያምርም። ለዲኤምኤ (መሣሪያው ያለ ፕሮሰሰሩ ሜሞሪ የሚያነብበትና የሚጽፍበት መንገድ) የተሰጠ ባፈር ስታክ (የፈንክሽኖች ጊዜያዊ ሜሞሪ) ላይ መሆን የለበትም፤ ማፑ መሳካቱ በራሱ የስህተት መፈተሻ መታየት አለበት፤ ሲፈታም ያው መጠንና ያው አቅጣጫ መሰጠት አለበት።

ከተጠቃሚ ፕሮግራም መረጃ የሚቀዳው «ኮፒ ፍሮም ዩዘር» ሲከሽፍ የሚመልሰው ያልተቀዱትን ባይቶች ብዛት ነው። ያንን ቁጥር እንዳለ ወደ ተጠቃሚው መመለስ ክሽፈትን ስኬት ያስመስላል።

ሪሙቭ ላይ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ አዲስ ተጠቃሚ እንዳይገባ በሩን መዝጋት፣ ቀጥሎ ሃርድዌሩን ማስቆም፣ ከዚያ ታይመሮችንና ተራ የያዙ ሥራዎችን እስኪያልቁ ጠብቆ መሰረዝ፣ ሜሞሪውን መጨረሻ መልቀቅ ነው። ታይመሩ ሥራውን፣ ሥራውም መልሶ ታይመሩን የሚቀሰቅስ ከሆነ አንዱን ብቻ መሰረዝ አይበቃም። ከዚህ ሁሉ ተደጋግሞ የሚረሳው የተከፈተ ፋይል ነው። አንድ ፕሮግራም የመሣሪያውን ፋይል ይዞ ሳለ ድራይቨሩ ከተላቀቀ፣ በ«ዴቭኤም» የተያዘው ሜሞሪ ይለቀቃል፤ ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲዘጋ ድራይቨሩ የሞተ ሜሞሪ ይነካል። እንዲህ ያለ ሜሞሪ የማጣቀሻ ቆጣሪ ሊኖረውና መጨረሻ የያዘው እንዲለቀው መደረግ አለበት።

የክሽፈት መንገዱን ሳይገምቱ ማስኬድም ይቻላል። ከርነሉን ከፎልት ኢንጀክሽን (ሆን ብሎ ጥሪ የሚያከሽፍ)፣ ከካሳን (የተሳሳተ የሜሞሪ አጠቃቀም የሚይዝ)፣ ከኬሜምሊክ (ያልተለቀቀ ሜሞሪ የሚፈልግ) እና ከሎክዴፕ (የቁልፍ አያያዝ ስህተት የሚይዝ) ጋር ይገንቡ። «ፌይል ኤንዝ» በተባለው ፋይል ላይ 1 ጽፎ መሣሪያውን በሲስኤፍኤስ (የከርነሉ መሣሪያዎች እንደ ፋይል የሚታዩበት ቦታ) በኩል ከድራይቨሩ ጋር ማሰር የመጀመሪያው ሊከሽፍ የሚችል ጥሪ እንዲከሽፍ ያደርጋል፤ ቀጥሎ 2፣ ከዚያ 3 እያሉ ፕሮብ ያለ ክሽፈት እስኪያልፍ መቀጠል ነው። በየመሀሉ የኬሜምሊክን ዘገባ ማየት። ከዚያ ማሰርና መፍታቱን ፋይሉ ተከፍቶ እያለም መደጋገም። ይህ የማያገኘው ነገር አለ፤ የክሎክና የኢንተራፕት ቅደም ተከተል አሁንም በዓይን ነው የሚነበበው። የመስመር ርዝመትና የክፍተት ጉዳይ ግን ለቼክፓች (የኮድ አጻጻፍ ቅርጽን ለሚፈትሽ ፕሮግራም) ቢተው ይሻላል፤ የገምጋሚ ትኩረት ውድ ነው።

አስተያየት ሲጻፍ «የስህተት አያያዙን ያስተካክሉ» ማለት ለጸሐፊው ምንም አይነግረውም። «ኢንተራፕቱን መመዝገብ ቢከሽፍ ክሎኩን የሚያጠፋው የትኛው መስመር ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ወደ ቦታው ይወስደዋል። ስህተቱ ቀድሞ በገባ ኮድ ውስጥ ከሆነ ማስተካከያው ለብቻው በአንድ ፓች (ለግምገማ በሚላክ የኮድ ለውጥ) ይምጣ፤ «ፊክስስ» በሚለው መስመር ላይ ስህተቱን ያስገባው ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) መለያ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ 12 ፊደላትና አርእስቱ ይጻፉ፤ የቆዩትን ከርነሎች የሚጠብቁ ሰዎች ፓቹ የትኞቹ ስሪቶች ላይ መድረስ እንዳለበት የሚያውቁት ከዚያ ነው።